ድንኳን ወይ ኮምፒውተር

የእኛ የሴቶች እድር ሁለት ዋና ንብረት አለው፤ ድንኳንና ኮምፒውተር። ድስቱን፣ ወንበሩንና በርሜሉን አልቆጥርም፤ እሱማ ማንኛውም እድር ዘንድ አለ። ኮምፒውተር ያለው የሴት እድር ግን በፍኖተ ሰላም ከእኛ በቀር አልሰማሁም። ሰምቻለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ገላነሽ እባላለሁ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ለይቼ፣ ምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ተለያየን። የኮምፒውተሩ ነገር የተጀመረው ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ነው። ከገጠር ለክስ የሚመጣው ሰው አቤቱታ የሚጽፍለት አጥቶ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲንከራተት አየሁ። በእድራችን ስብሰባ ተነሣሁና፣ “ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል እንከራይ፣ አንድ ኮምፒውተር እንግዛ፣ ያምሮት ትጻፍ” አልኩ። ያምሮት የሟች አባላችን ልጅ ናት። ጽሕፈት ተምራ ሥራ ያጣች፣ ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ። ለእሷም ደመወዝ፣ ለእድሩም ገቢ ይሆናል አልኩ። ተጨቃጨቅን፤ አሸነፍኩ፤ ተገዛ።

ንግሥቴ ግን ከመጀመሪያው አልወደደችውም። ንግሥቴ እህል ነጋዴ ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ሰፈር ያደግን ነን። ልጆች ሆነን ላህ ወንዝ ልብስ ስናጥብ እንኳ የማን ነጠላ ነጣ እያልን እንጣላ ነበር። ያን ቀን በሰው መሐል ተነሥታ፣ “ኮምፒውተር ለቅሶ አይደርስ” አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን አልረሳሁትም።

ነገሩ የከረረው ክረምት ሲመጣ ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ተቀደደና ውኃው በቀጥታ መምሬ ገብረሰንበት ላይ ወረደ። መምሬ ዝም ብለው ጸሎታቸውን ጨረሱ፤ ጥምጥማቸውን ጨመቁና ሄዱ። ንግሥቴ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም። “ኮምፒውተሩ ይሸጥ፣ ድንኳን ይገዛ” ነው። ገዥም አምጥታለች፤ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ዕቃ ለዋጭ።

የማልክደው ነገር ደሞ አለ። ኮምፒውተሩ ያዘግማል። ስንገዛው ያገለገለ ነበር፤ አንድ ገጽ እስኪከፍት ባለጉዳዩ ወጥቶ ጠላ ጠጥቶ ይመለሳል። አንዳንዱም ጠላው ይጥመውና ሳይመለስ ይቀራል። እንዲህ እያለ ደንበኛው ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሄደ። የእድራችን ሰብሳቢ እህተ ማርያም ሁለታችንንም አስቀምጣ፣ “በሚመጣው ስብሰባ እንወስናለን። ወይ ድንኳን ወይ ኮምፒውተር” አለች።

እኔም ምላሴ አያርፍ፣ “በሚመጣው ስብሰባ ያን ማሽን እንደ ፈረስ ሲጋልብ ካላያችሁት፣ ይሸጥ ብዬ መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ” አልኩ።

ንግሥቴ ተሽቀዳድማ፣ “ሰማችሁ? ሁላችሁም ሰምታችኋል” አለች።

ቡሬ ላይ ክንፈሚካኤል የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ደወልኩለት።

“እትየ፣ ማሽኑ ደኅና ነው” አለኝ። “የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው። አንጎሉ በሉት። እኔ ዘንድ ያገለገለ ግን ፈጣን አለ፤ በራሴ ማሽን ላይ ሞክሬዋለሁ። እሱን ብንለውጠው ይበቃዋል።”

“ላከው።”

“መላኩንስ ልላከው፤ መግጠሙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትንሽ ታገሡኝና እኔው መጥቼ ልግጠመው። ከስብሰባችሁ በኋላ።”

“ከስብሰባው በኋላማ ለቅሶ ልትደርስ ነው የምትመጣው። ላከው ብያለሁ።”

በጌን ሸጥኩና ሒሳቡን ጨረስን። ቀጥሎ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ወደ ቡሬ ገበያ የምትመላለሰው ደሞ ንግሥቴ ናት። ደጇ ቆሜ ጥቂት አሰብኩ። ንግሥቴ ክፉ ምላስ እንጅ ክፉ እጅ የላትም። እንኳን የሰው ዕቃ፣ የሰው ሰላምታ ከእሷ ዘንድ አይጠፋም። ገባሁ።

“ቡሬ ትሄጃለሽ?”

“እሄዳለሁ። ምነው፣ ኮምፒውተርሽ በርበሬ አማረው?”

“ክንፈሚካኤል የሚባል ሰው አንድ ዕቃ ይሰጥሻል። እንደ እንቁላል ይዘሽ አምጭልኝ።”

“ምንድነው?”

“የኮምፒውተሩ አንጎል።”

ቀና ብላ አየችኝ። “እስካሁን ያለ አንጎል ነበር የሚሠራው? እኔስ ጠርጥሬ ነበር” አለች።

ከገበያ ስትመለስ በቀጥታ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ከበሩ ቆማ መቀነቷን ትፈታ ጀመር። የንግሥቴ መቀነት በሰፈራችን የታወቀ ነው፤ ብዙ ዙር ይዞራል፤ ጫፉ ላይ የቤት ቁልፍ አለ፣ ሳንቲም አለ፣ የምትገዛው እህል ናሙና አለ። ናሙናውን በመቀነቷ ቋጥራ ነው ከነጋዴ ነጋዴ እያስተያየች የምትገዛው። ቋጠሮውን በጥርሷ ላላ አደረገችና ከመሐሉ ያችን ዕቃ አወጣች። የክብሪት ቀፎ የምታክል ጠፍጣፋ ናት፤ በጀርባዋ ለስላሳ፣ በሆዷ በኩል ግን እንደ ጃርት ቀጫጭን እሾህ ሞልቶባታል። ንግሥቴ እፍ አለችባትና መዳፌ ላይ አኖረቻት።

ያምሮት ደነገጠች። “በፕላስቲክ አልነበረም እንዴ የሰጠዎት?”

“በፕላስቲክ ነበር። ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለጨው ማስቀመጫ ፈለገችው፤ ሰጠኋት።”

“ንግሥቴ፣ እንደ እንቁላል ብዬሽ አልነበረም?” አልኩ።

“እንቁላል በቦርሳ ተይዞ ያውቃል? ሌባ ቦርሳ ይከፍታል፣ ኪስ ይገባል። የንግሥቴን መቀነት የፈታ ግን እስካሁን ባሌ ብቻ ነው።” ይህን ብላ ጠቅልላ ታጠቀችና ሄደች።

መግጠሙን በስልክ ጀመርነው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ያምሮት ካቻቢቴ ይዛለች። ክንፈሚካኤል ይናገራል፣ እኔ እደግማለሁ፣ እሷ ትሠራለች።

“ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉት።”

“ንቀይው።”

“ክዳኑን ክፈቱ። ፋኑን አንሡት። ከሥሩ ትንሽ ዘንግ አለች፤ እሷን ወደ ላይ። አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይታገል ይነሣል።”

ተነሣ። እንደ ልጅ ጥርስ ሳይሆን እንደ ዘውድ ነው በጥንቃቄ ያነሣችው።

“አዲሱን አስቀምጡት። ማዕዘኑ ላይ ምልክት አለ፤ ምልክት ከምልክት ይግጠም። በራሱ ክብደት ወርዶ ይቀመጣል። አደራ፣ እንዳትጫኑት።”

“እንዳትጫኝው ይላል።”

ያምሮት አስቀመጠችው። አጎንብሳ አየችው። “አልወረደም እትየ። በአንድ ጥጉ ቀና ብሏል።”

“በአንድ ጥጉ ቀና ብሏል ትላለች።”

“እንግዲያው አንሡትና፣ መጀመሪያ ሆዱን...” አለና ስልኩ ተቆረጠ። ብደውል፣ ብደውል አይገባም።

ቆየን። ዕቃዋ እንደ ኩሩ ሙሽራ አንድ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ በዕድሜዬ ሳይገፉት የገባ ነገር አላየሁም። የሳጥን ክዳን ይገፋል፤ ጆንያ ይገፋል፤ በሬ ይገፋል። ያምሮት፣ “ተዉት እትየ፣ እንጠብቀው” አለች። እኔ ግን አውራ ጣቴን ጥጓ ላይ አሳረፍኩና ጫን አልኩ። አንዲት ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ ቆሎ በጥርስ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት።

“ይኸው ወረደ” አልኩ።

ያምሮት ዘንጓን መለሰች፣ ፋኑን አሠረች፣ ገመዱን ሰካች። ቁልፉን ተጫነች። ትንሿ መብራት በራች። ፋኑ ዞረ። እልል ልል አፌን ስከፍት ስክሪኑን አየሁ። ጥቁር ነው። ጠበቅን፤ ጥቁር ነው። አጠፋነው፣ አበራነው፤ ጥቁር ነው።

ስልኩ ሲመለስ ክንፈሚካኤል ጥያቄውን አዥጎደጎደው። “ጢጥ የሚል ድምፅ አለው?”

“ዝም ብሏል። ፋኑ ብቻ ይዞራል።”

“ራም የምትባል ቀጭን ካርድ አለች፤ አውጥታችሁ ቢጫውን ጥርሷን በላጲስ ጥረጓት።” ጠረግናት። ጥቁር። “ክብ ባትሪ አለች፤ አውጥታችሁ ቆይታችሁ መልሷት።” መለስናት። ጥቁር። “እትየ፣ በግድ ተጭናችሁታል እንዴ?” አለኝ።

“ኧረ በምን ጉልበታችን” አልኩ።

ያምሮት ቀና ብላ ጣራውን ታይ ጀመር።

“እሽ። ከአሁን በኋላ ምንም እንዳትነኩ። ሥራዬን ጥዬ ቅዳሜ እመጣለሁ።”

ስብሰባው እሑድ ነው።

በከተማችን የሰው ሞት እንኳ ጡሩንባ እስኪነፋ ይቆያል፤ የኮምፒውተራችን ሞት ግን ወዲያው ተሰማ። ንግሥቴ በበሩ ብቅ አለችና፣ “አንጎሉ አልተስማማውም አሉ” አለች።

“ይስማማዋል።”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ገላነሽ። ቀስ በይ ብንልሽ...”

“ስለ መታጠቅ አንች አታስተምሪኝም” አልኳት። ያን ጊዜ ምን እንደተናገርኩ እኔም አላወቅሁትም።

እህተ ማርያም ደሞ እንደ ሁልጊዜዋ በርኅራኄ መጣች። “ጠበል ብንረጨውሳ?” አለች። “እመቤታችንን በዚህ አናስቸግራት፣ ስንት ሥራ አላት” ብዬ መለስኳት። ወልደ ዮሐንስም ሊያይ መጣ። ዞሮ ዞሮ አየውና፣ “በድኑንም ቢሆን እወስደዋለሁ። ባይሆን ሣጥኑ ለጫጩት ይሆናል” አለ። ያምሮት ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማታ ማታ ለታናናሾቿ እንጀራ የሚገባው ከዚያ ሣጥን ነው። እኔም ያን ጊዜ ነው የከበደኝ። ምላሴን መልሼ ልውጠው አልችል፤ እጄን አወጣለሁ ብያለሁ፤ ገላነሽ ያለችውን ታደርጋለች።

ቅዳሜ ክንፈሚካኤል ከሚኒባስ ወርዶ መጣ። ረዥም፣ ቀጭን፣ መነጽራም፤ ለዕቃ እንደ ሐኪም የሚያዝን ሰው። ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ክዳኑን ከፈተ። ፋኑን አነሣ፤ ፕሮሰሰሩን አውጥቶ በጨርቅ ላይ አኖረው። “መጀመሪያ አሮጌውን እንመልስ። እሱ ከተነሣ ማሽኑ አልሞተም ማለት ነው” አለ።

አሮጌውን መለሰ። ቁልፉን ተጫነ። ጢጥ አለ፤ ስክሪኑም እያዘገመ፣ እያዛጋ ነቃ። እንደዚያ ቀን ቀርፋፋነቱን ወድጄለት አላውቅም።

“ማሽኑ ደኅና ነው” አለ ክንፈሚካኤል። “እንግዲህ ነገሩ ያለው አዲሱ ዘንድ ነው።”

“አንተ የሰጠኸን ዘንድ” አልኩ።

“እኔ የሰጠሁት ይሠራ ነበር እትየ።”

“ቡሬ ሲሠራ እኛ አላየነውም።”

“እኔ አይቻለሁ።”

“ታዲያ እዚህ ሲደርስ አገሩ ናፈቀው?”

አልተቆጣም። ሳቁን ዋጥ አደረገና ፕሮሰሰሩን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። በሆዱ በኩል ገልብጦ ዓይኑ ሥር አስጠጋው። ቆየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አየ። ከዚያ ያምሮትን፣ “መርፌ አለሽ?” አላት። አመጣችለት። በእሾሆቹ መሐል መርፌውን ሰደደና አንዲት ነገር ፈልቅቆ መዳፉ ላይ ጣለ።

“ይህች ምንድናት?” አለን።

ሦስታችን ራሳችንን አጋጥመን አየናት። ከአሸዋ የምታንስ፣ ቀላ ያለች፣ ድቡልቡል።

“ጤፍ ናት” አልኩ።

“ጤፍ?”

“የጎጃም ልጅ ሆነህ ጤፍ አታውቅም? ጤፍ ናት።”

“ጤፍማ አውቃለሁ። ፕሮሰሰር ሆድ ውስጥ አይቻት ስለማላውቅ ነው።” እንደገና መረመረው። “በሁለት እሾህ መሐል ልክ እንደ ሽብልቅ ገብታ ነበር። ለዚህ ነው አልቀመጥ ያለው። በአንድ ጥጉ ቀና ያለው ለዚህ ነው። ያ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም ነበር፤ ነገር ግን...” መርፌውን ቀሰረና አሳየን። “ይኸ አንዱ እሾህ ተኝቷል። ጤፍ እሾህ አያስተኛም። ሰው ነው የተጫነው።”

ያምሮት ጣራውን አላየችም በዚህ ጊዜ፤ እኔን ነው ያየችው።

“ይቃናል ወይ?” አልኩ።

“ከተሰበረ አበቃ። ካልተሰበረ ይቃናል። በግድ አይደለም ብቻ።” ይህን ሲል ወደ አውራ ጣቴ አየ መሰለኝ።

ዱካ በርጩማ ሳብኩና በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ክንፈሚካኤል ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ እሾሁን በመርፌው ጫፍ ቀስ፣ ቀስ እያለ አነሣው። የሕፃን ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ እንደሚያወጣ ሰው ነው። እኔ እሱን ማየት አቅቶኝ መንገዱን አያለሁ። በግ የሚነዳ ሰው አለፈ፤ በጌ ትዝ አለችኝ።

“ቆመ” አለ።

የቀረውን ሆድ በደረቅ ብሩሽ ጠረገው። ወስዶ ከቦታው ላይ አኖረው። እጁን አነሣ። ማንም አልነካውም፤ ዕቃው ራሱ ወረደና ተቀመጠ። ጀርባው ላይ ከኪሱ ባወጣው ነጭ ቅባት ትንሽ ቀባው፤ ፋኑን መልሶ አሠረ። “ያምሮት፣ አንች ክፈችው” አላት።

ከፈተችው። ጢጥ። ስክሪኑ በራ። ያምሮት አንድ ገጽ ነካች፤ ተከፈተ። ሌላ ነካች፤ ተከፈተ። በስመ አብ ብላ ሳትጨርስ ነው። ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ጀመር፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እልል አልኩና የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ክንፈሚካኤል ምሳ በልቶ ከተሸኘ በኋላ ያችን የጤፍ ፍሬ በወረቀት ቁራጭ ጠቀለልኳት። ከማን መቀነት እንደመጣች ለመናገር ጠንቋይ አያስፈልግም። የእድራችን ደንብ ደሞ ግልጽ ነው፤ የእድሩን ዕቃ ያበላሸ አባል በሰው ፊት ቆሞ ይቀጣል። ደንቡን ያስጻፈችው ራሷ ንግሥቴ ናት፤ የድስት ክዳን ያጎበጠች ሴት በተገኘች ጊዜ።

“ነገ አገኘኋት” አልኩ።

ያምሮት ጠረጴዛውን እየወለወለች፣ “ጤፏንም እሾሁንም ይናገራሉ?” አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ማር የለሰለሰ ነው።

“እሾሁን ምን አመጣው?”

“ምንም። ደንቡ ስለተነሣ ነው።”

አላዳመጥኳትም። ሰምቻታለሁ ግን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእህተ ማርያም ግቢ ተሰበሰብን። ሰማዩ ስለከበደ ያ የተቀደደ ድንኳን ተተከለ። ኮምፒውተሩን አምጥተን መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ገመዱ ከእህተ ማርያም ቤት ተሳበ። ገና አልተከፈተም። ወልደ ዮሐንስ ጆንያና ገመድ ይዞ አጥሩ ሥር ቆሟል።

ንግሥቴ መጀመሪያ ተነሣች። ጥሩ ተናጋሪ ናት፤ አልክድም። “እድር ማለት ሰው ሲወድቅ ማንሣት ነው” አለች። “ሰው ሲሞትብን የምንቆምበት ጥላ ሳይኖረን፣ የሚያፈጥጥ ሣጥን ይዘን ምን እናደርጋለን? እኔ ገላነሽን ጠልቼ አይደለም። እሷን ብጠላ ኖሮ ድንኳኑ ሥር እሷን በቀዳዳው በኩል አስቀምጣት ነበር።”

ሳቁ። በዚህ መሐል ዝናቡ ጣለው። የጎጃም ዝናብ አስቀድሞ አያስታውቅም። ሁሉም ተሸማቀቀ፤ ከቀዳዳውም ውኃው ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ዥው ማለት ጀመረ፤ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ንግሥቴ ዘልላ ተነሣች። ከተደረደረው ዕቃ ትልቁን የድስት ክዳን አንሥታ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጥላ ዘረጋችው። ውኃው ክዳኑን እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ እሷ በሁለት እጇ ጨብጣ ትይዛለች።

“ምን ትመለከታላችሁ?” አለች። “ቢሸጥም ባይሸጥም የእድሩ ንብረት ነው። ያዙልኝ እንጅ።”

ሮጬ ክዳኑን በሌላው ወገን ያዝኩላት። ፊት ለፊት ቆምን፤ ሁለታችንም በስብሰናል። የጤፏ ወረቀት ጡቴ ሥር ናት። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ በሰው ፊት ጮክ ብዬ የምናገረው። ይህችን ሴት እንዲህ ክዳን ተሸክማ ሳያት ንግግሩ ጠፋብኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ንግሥቴ፣ ያ ከቡሬ ያመጣሽው ጤፍ ማኛ ነበር?” አልኳት።

“ማኛ ነው። ምነው?”

“አንዲት ፍሬ ለእኔም ደርሳኛለች። ከአንጎሉ ሆድ።”

መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ዓይኗ ወደ መቀነቷ ወረደ። ቀጥሎ ወደ ኮምፒውተሩ። ኩራቱ ሁሉ ከፊቷ ሲወርድ አየሁት። ዝም ትላለች ብዬ ነበር፤ ዝም ብትል እኔም ዝም እላት ነበር መሰለኝ። ንግሥቴ ግን አንገቷን አዞረችና ለሴቱ ሁሉ ተናገረች።

“ስሙ። ኮምፒውተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ። ዕቃውን ከናሙና ጤፍ ጋር በመቀነቴ ቋጥሬ አመጣሁት፤ ፍሬ ገባበት። ደንቡን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በደንቡ ቅጡኝ። ግን መጀመሪያ ይህን ክዳን የሚቀበለኝ ይምጣ።”

ያምሮት ከኮምፒውተሩ ኋላ ሆና አየችኝ። ዓይኗ አውራ ጣቴ ላይ ነው። ይች ልጅ አንድ ቀን ዳኛ ትሆናለች።

“እሷ አይደለችም ብቻዋን” አልኩ። “ጤፏማ ብትገባም በመርፌ ትወጣ ነበር። እንዳትጫኚ እየተባልኩ በአውራ ጣቴ የተጫንኩት እኔ ነኝ። እሾሁን ያስተኛሁት እኔ ነኝ።”

ንግሥቴ ክዳኑን እንደያዘች አፈጠጠችብኝ። “በአውራ ጣትሽ?”

“በአውራ ጣቴ።”

“ልጅ ሆነንም ቁልፉን እንዲህ አድርገሽ ሰብረሽብኛል፤ የሳጥኔን” አለችና ሳቀች። እሷ ስትስቅ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ ውኃው ሁለታችን ላይ ተደፋ፣ ሴቱም ሁሉ ሳቀ።

ዝናቡ ሲያባራ እህተ ማርያም፣ “እስኪ ያ ነገር ከሞተበት ይነሣ እንደሆን እንየው” አለች። ያምሮት ከፈተችው። ጢጥ አለ። “ምን ልጻፍ?” ብላ ጠየቀች። “የዛሬውን ውሳኔ ጻፊ” አለቻት እህተ ማርያም። ልጅቱ ጣቷን አዘነበችው፤ እህተ ማርያም ተናግራ ሳትጨርስ ቃሉ ስክሪኑ ላይ ይደርሳል። ሴቶቹ ከወንበራቸው እየተነሡ ከጀርባዋ ተደራረቡ። ወልደ ዮሐንስ አንገቱን አስግጎ አየና ጆንያውን አጠፈ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ኮምፒውተሩ ይቆይ። ከገቢው ለአዲስ ድንኳን ይጠራቀም። እስከዚያው የተቀደደውን ጥፋተኞቹ፣ ገላነሽና ንግሥቴ፣ በገዛ እጃቸው ይስፉት። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ፤ ንግሥቴም አወጣች፤ የእሷ ከእኔ ቀደመ።

በማግስቱ ድንኳኑን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ዘርግተን ወስፌና ሲባጎ ይዘን ተቀመጥን። ከውስጥ የያምሮት ጣት ይንጣጣል፤ ሁለት ባለጉዳይ ወረፋ ይዘዋል። አንዱን ያመጣችው ንግሥቴ ናት፤ ከገበያ የምታውቀው ገበሬ ነው። አመጣሁት ብላ ግን አልተናገረችም።

“ስፌትሽ ሰፋፊ ነው” አለችኝ።

“ያንችስ ጠማማ ነው።”

ጥቂት ሰፋን። “ያችን ፍሬ ጣልሻት?” አለች።

ከጡቴ ሥር ወረቀቷን አውጥቼ ሰጠኋት። ፈታችው። መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ፀሐይ አዞረቻት፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት። ፊቷ ተለዋወጠ።

“ገላነሽ።”

“ምነው?”

“ይች ቀይ ናት።”

“ቀይ ናት። ምን ይሁን?”

“ማኛ ነው ብሎ ነው ያ የቡሬ ነጋዴ የሸጠልኝ። ንጹሕ ነጭ ማኛ። ቀይ ቀላቅሎበታል ማለት ነው። በዓይኔ ሳላየው በኮምፒውተር ተገኘበት።” ወስፌውን ድንኳኑ ላይ ሰካችና ተነሣች። መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። “ያምሮት” ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። “ክስ ስንት ገጽ ነው የሚሆነው?”

“ወረፋ ያዥ” አልኳት።